ጋኑ ሰርግ ሄዷል

አንዳንድ ሰው ጠጥቶ ይሰክራል፤ እኔ አንብቤ ነው የምሰክረው። ልዩነታችን፣ ጠጪ ሲሰክር ጠብ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ ጋር እስማማለሁ። መጽሐፍ ይዤ ሳለሁ «ጣሪያው እያፈሰሰ ነው» ቢሉኝ «እሺ» እላለሁ። «ልጅህ አጥር ላይ ወጥታለች» ቢሉኝም መልሴ «እሺ» ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ላሙ ገደል ገብታ እንደሞተችበት ሲያጫውተኝ «እሺ፣ በጣም ጥሩ» ብዬው፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ሰላምታ ነፍጎኝ ነበር።

ባለቤቴ ታንጉት ይህን አመሌን ሳታውቅ አልገባችበትም። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ራሴ ነግሬያታለሁ። «ከሚጠጣ የሚያነብ ይሻለኛል» ነበር ያለችው። ያን ጊዜ ደባርቅ ውስጥ መጽሐፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ አደጋው አልታያትም። እኔ ግን መላ አላጣሁም። ከጎንደር የሚመላለሱ ሾፌሮች አሮጌ መጻሕፍት ያመጡልኛል። ጨነቅ ካምፕ ያደሩ ቱሪስቶች ጥለውት የሚሄዱትንም የተራራው ፓርክ ጠባቂ ስካውቶች እየለቀሙ ይሰጡኛል። ይኸኛው አብዛኛው በማልችለው ቋንቋ ስለሆነ፣ ሥዕል ካለው ሥዕሉን አያለሁ፤ ከሌለው ደግሞ አሸተዋለሁ።

ቤት ውስጥ ግን ማንበብ ትግል ነው። ልጆቻችን ሁለት ናቸው። ትልቋ ጀርባዬ ላይ ትወጣለች። ትንሹ ገጽ በመግለጥ ይረዳኛል፤ የሚገልጠው ግን ወደ ኋላ ነው። በዚህ የተነሳ አንድ ልብ ወለድ ውስጥ የሞተ ሰው ተነስቶ ምሳውን ሲበላ አግኝቼዋለሁ። ታንጉት ደግሞ «እስቲ አንዴ ቀና በልልኝ» ትላለች። ቀና እላለሁ፤ ልቤ ግን እዚያው ገጹ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እንጀራዬም ንባቤም ያለው ሥራ ቦታዬ፣ ሙዚየሙ ውስጥ ነበር።

ሙዚየም ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት ክፍል ናት። ኃላፊውም፣ አስጎብኚውም፣ አቧራ ጠራጊውም እኔ ነኝ። ከእኔ በታች ያሉት ዘበኛው አያ ሞላ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በዕድሜ ስለሚበልጡኝ የሚያዙኝ እሳቸው ናቸው። በጀት የሚባል ነገር ስላልነበረን ዕቃውን የሰበሰብኩት ከዘመድ ነው። ከአጎቴ ጋሻ፣ ከጎረቤት ኮርቻ፣ ከክርስትና አባቴ የቀንድ ዋንጫ። ነገሩ ሲደጋገም ዘመዶቼ እኔ ስመጣ ዕቃ ማሸሽ ጀመሩ። አንዲት አክስቴማ የተቀመጠችበትን በርጩማ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ነው ያነጋገረችኝ።

ከሁሉም የሚበልጠው ዳባት ያሉት አማቴ፣ እሜት የውብዳር፣ የሰጡኝ ጋን ነበር። ሁለት ጎልማሶች ቢያቅፉት እጃቸው አይገናኝም። ሲሰጡኝ «ልጄ፣ እኔ ዘንድ የጥጆቹን ቦታ ነው የያዘው፤ እናንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ» አሉኝ። እኔ የገባኝ «ወስደህ ለትውልድ አስተላልፈው» ያሉኝ ሆኖ ነው። በደስታ ጉልበታቸውን ስሜ፣ ጋኑን አይሱዙ ላይ በጭድ አስተኝቼ ደባርቅ አመጣሁት። መስኮቱ ሥር በክብር አቆምኩትና ሆዱ ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት፦ «ጋን። ከሸክላ የተሠራ። በቀድሞ ዘመን ለጠላ መጥመቂያ ያገለግል ነበር። እባክዎ አይንኩ።» ከዚያ ወንበሬን ጋኑ ላይ አስደግፌ ማንበብ ያዝኩ። ለእኔ የተጻፈ ማስታወቂያ አይደለምና።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ወረዳው ቢሮ ስልክ ተደወለ። ሞባይልን ገና በወሬ ብቻ የምናውቅበት ጊዜ ስለነበር ተላላኪ ተልኮ ነው የተጠራሁት። መልእክቱ አጭር ነው። ከጎንደር አንድ ኮሚቴ ሰኞ ጠዋት ሙዚየሙን ያያል፤ የተመዘገበው ዕቃ በሙሉ በቦታው ካልተገኘ ክፍሉ የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል፤ እኔም ወደ መካነ ብርሃን እዛወራለሁ።

መካነ ብርሃን የተከበረ አገር ነው፣ ሰዉም ደግ ነው። የሚያስፈራኝ መንገዱ ነው። ያን ጊዜ በቅሎ እንኳ አንዳንዱ ቦታ ላይ ቆም ብላ ካሰበች በኋላ ነበር የምትራመደው። እዚያ ከተላክሁ ታንጉትንና ልጆቼን የማገኛቸው ለዓመት በዓል ብቻ ነው። ትንሹ ልጅ ገጽ ሳይገልጥብኝ ማንበብ ድሮ የምመኘው ነገር ነበር፤ ያን ዕለት ግን አልተመኘሁትም።

ወደ ሙዚየሙ ሮጥኩ። ጋሻ፣ አለ። ኮርቻ፣ አለ። የቀንድ ዋንጫ፣ አቧራ ለብሷል እንጂ አለ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ወለሉ ላይ አንድ ክብ ንጹሕ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ወንበሬን አየሁት፤ የተደገፈው ግድግዳ ላይ ነው።

«አያ ሞላ! ጋኑስ?»

«የቱ ጋን?»

«ስንት ጋን አለን!»

«እህ፣ እሱማ ሰርግ ሄዷል» አሉኝ፣ ስለ አንድ ዘመዳቸው የሚያወሩ ይመስል።

«መቼ?»

«ሰነበተ እኮ። ባለቤትህ ሰው ይዛ መጥታ ወሰደችው። አንተም እዚሁ ወንበርህ ላይ ነበርክ።»

«እኔ?»

«አንተ ነሃ። ጋኑን ሲያነሱት ወንበርህ ሸርተት አለና ወደቀ ብዬ ደነገጥኩ። አንተ እቴ! ወንበርህን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርገህ ንባብህን ቀጠልክ። የተማረ ሰው ለዕቃ ልቡ አይደነግጥም ብዬ አደነቅሁህ።»

ታንጉት ልጆቹን ይዛ ለታናሽ እህቷ ሰርግ ዝግጅት ዳባት ከሄደች ቆይታለች። ሰርጉ በማግስቱ፣ እሑድ ነው። እኔም እሑድ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ አንድም ገጽ አልገለጥኩም። ጭንቀቴን ከዚህ በላይ የሚያስረዳላችሁ ነገር የለኝም።

አማቴ ግቢ ስደርስ ዳሱ ተጥሏል፣ ሰዉ ግጥም ብሏል። ጋኑ ከዳሱ ጥግ፣ በወይራ ጭስ ታጥኖ፣ እስከ አፉ በጠላ ተሞልቶ ቆሟል። ወረቀቴም ሆዱ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ፊደል የቆጠረ አንድ እንግዳ ጽሑፉን አንብቦ፣ ባዶ ብርጭቆውን ይዞ በአክብሮት ራቅ ብሎ ቆሟል። ጓደኛው «ባክህ ይሄ ለልጆች የተጻፈ ነው» እያለ ያስቀዳል።

ታንጉትን ከሴቶቹ መሃል ነጥዬ ወደ ጓሮ ወሰድኳት።

«ምን አደረግሽኝ? የሙዚየሙ ጋን እኮ ነው!»

«እና? ጠይቄህ የለም እንዴ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

«ያን ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ስታነብ። እሺ አልከኝ። ኋላ እንዳትቆጣ ብዬ ደግሜ ጠየቅሁህ። እሺ፣ እሺ አልከኝ።»

ስለ ኮሚቴውና ስለ ዝውውሩ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «መካነ ብርሃን?» አለች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

በዚህ መሃል እሜት የውብዳር ደረሱ። አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ! ጋኔን እንዴት አድርገህ ነው የያዝክልኝ! አንዲት ስንጥቅ የለበትም። እኅቴም እንስራዋን ልስጠው እያለች ነው፤ እናንተ ዘንድ ያለው አይሰበር፣ አይሰረቅ» አሉኝ። ለካስ ለእሳቸው ሙዚየም ማለት መንግሥት የሰው ዕቃ በነጻ የሚጠብቅበት ቤት ኖሯል። ቆም ብዬ ሳስበው ተሳስተዋል ለማለትም ቸገረኝ።

አሁን ምን ይደረግ? ጠላ የሞላው ጋን አይነሳም። የሰርግ ጠላ ደግሞ አይደፋም፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ዳባት ላይ ሚስት አያገኝም፣ ያገባትንም ይቀማል። የቀረኝ አንድ መላ ነው፤ ጠላውን በቶሎ አስጠጥቼ መጨረስ፣ ጋኑን አሳጥቤ ሳይመሽ አይሱዙ ላይ መጫን።

እኔ ሰርግ ላይ ጥግ ይዤ የማነብ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን ጃኬቴን አውልቄ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ የአሳላፊዎች ሁሉ አለቃ ሆንኩ። «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» እያልኩ ብርጭቆው የጎደለበትን ሁሉ ሞላሁ። ያልጎደለበትን ደግሞ «ይሄማ ሞቋል» ብዬ አስጨረስኩና ሞላሁ። አንድ ቄስ ብርጭቆአቸውን በመዳፋቸው ከድነው «ይበቃኛል ልጄ» ሲሉኝ «አባቴ፣ ካልጠጡልኝ እቀየማለሁ» አልኳቸው። አሳዘንኳቸው መሰለኝ ጠጡልኝ። እሜት የውብዳር ከዳር ቆመው ሲያዩኝ እንባ ተናነቃቸው። «ይሄ ልጅ ሰው አይወድም እያልኩ ስሰጋ ነበር» አሉ ለጎረቤታቸው።

ጥቂት ቆይቼ ወደ ጋኑ ጎንበስ ብዬ ባየው ወደ ግማሽ ወርዷል። አንጀቴ ራሰ። ሙሽሮቹን መርቄ፣ አንድ እስክስታም ሞክሬ (ታንጉት ዘወር ብላ ነው ያለፈችው) ተመልሼ ብመጣ ጋኑ እስከ አፉ ሞልቷል።

«እሜቴ! ጎድሎ አልነበረም?»

«ጎድሎ ነበር፤ ውሃ አከልንበት። ድፍድፉ ገና ጉልበት አለው። አንተ እንዲህ ጎንበስ ቀና ስትልልን ጠላ ያልቅብን እንዴ!»

የእኔ ትጋት ሲጨምር የሴቶቹም ትጋት ጨመረ። እኔ በዚህ በኩል አጎድላለሁ፣ እነሱ በዚያ በኩል ይሞላሉ። ሰርገኛው ሆዱ ተነፍቶ፣ ስጠጋው ዓይን ዓይኔን እያየ መሸሽ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ እኔን ሲያዩ የተኙ መሰሉ። ሌላ ጠጪ ማምጣት አለብኝ ብዬ ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ።

ከሊማሊሞ በኩል የሚመጡ የጭነት መኪኖችን አስቆምኩ። ለሾፌሮቹ ምግብ፣ ለረዳቶቹ ጠላ እያልኩ በምርጫ አስገባሁ። ለገበያ የወጡ ሰዎችን እጃቸውን ይዤ ጎተትኩ። አንዲት ሴትዮ «ሙሽራው የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «ያንቺው ነው፣ ግቢ» አልኳት። በዚህ መሃል ከጎንደር በኩል አንድ ነጭ ላንድክሩዘር አቧራውን እያስነሳ መጣ። መሃል መንገድ ላይ ክንዴን ዘርግቼ ቆምኩ።

«ሰርግ ነው! በሞቴ ሳትቀምሱ አታልፉም!»

ከፊት የተቀመጡ መነጽር ያደረጉ ቀጭን ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፣ ሥራ ላይ ነን» አሉኝ።

«ሥራ ነገም አለ» አልኩና በሩን ራሴ ከፈትኩት።

ሦስት ሰዎች ነበሩ። ለመቅዳት እንዲቀርበኝ ብዬ ከጋኑ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ባለመነጽሩ ጠላውን ቀመስ አድርገው «ጥሩ ነው» አሉ። እኔም ጨዋታ ለማምጣት ያህል «ወዴት ነው ጉዞአችሁ?» አልኳቸው።

«ደባርቅ። ነገ አንድ ሙዚየም እናያለን። ኮሚቴውን የምመራው እኔ ነኝ።»

ብርጭቆው ሞልቶ ጠላው እጃቸው ላይ ሲፈስ እንኳ መቅዳቴን አላቆምኩም።

«የዚህ አገር ሰው ከሆንክ የሙዚየሙን ኃላፊ ታውቀው ይሆናል» አሉ እጃቸውን እያራገፉ።

«በ... በመልክ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ዝምተኛ ነው። ያነባል ይላሉ።»

ይህን እያልኩ በጀርባዬ ወረቀቱን ከለልኩት። ቀጂዋ «እስቲ ወዲያ በል» ስትለኝ ወዲህ፣ «ወዲህ በል» ስትለኝ ወዲያ እላለሁ እንጂ ከጋኑ አልርቅም። መጨረሻ ላይ የተኙ የመሰሉትን ሽማግሌ ጋቢ ገፍፌ ጋኑን አለበስኩት።

«ምነው፣ ጋኑን በረደው?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«የዳባት ነፋስ ክፉ ነው» አልኳቸው።

ልተርፍ ምንም አልቀረኝ። ግን እሜት የውብዳር የሩቅ እንግዳ መምጣቱን ሰምተው ሰላም ሊሉ መጡ። እጅ ነሱና ዓይናቸው ጋቢው ላይ አረፈ። «ምን አለበሰው ይሄን? እንግዳ ይየው እንጂ!» ብለው ገፈፉት። «ጌታዬ፣ ይሄ ጋን እኮ ደባርቅ፣ መንግሥት ቤት ሲጠበቅልኝ ኖሮ ለልጄ ሰርግ የመጣ ነው። የሚጠብቅልኝም ይኸው አማቼ ነው፤ ሙዚየሙን ይዞ ያለው እሱ ነው» አሉ፣ በኩራት ትከሻዬን እየመቱ።

ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡ። «በቀድሞ ዘመን ለጠላ መጥመቂያ ያገለግል ነበር» የሚለው ላይ ሲደርሱ ብርጭቆአቸውን አዩ። ከዚያ ጋኑን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የመንግሥት ዕቃ ለሰርግ እንዲወጣ የፈቀደው ማነው?» አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ሳላውቅ ወሰዱብኝ» ብል የምተርፍ መስሎ ታይቶኝ ነበር። ታንጉትን አየኋት። ከዳሱ ምሰሶ አጠገብ ልጆቹን ከፊቷ አቁማ ታየኛለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አልፈቀደም ጌታዬ» አለች ታንጉት ወደ ፊት መጥታ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት። ጠይቄው እሺ ብሎኛል። ግን መጽሐፍ ይዞ ነበር። መጽሐፍ ሲይዝ እንደማይሰማ ደግሞ አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ ለምን ያን ጊዜ ጠየቅሽው?»

«መጽሐፍ ካልያዘማ እምቢ ይለኛላ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። የተኙ የመሰሉት ሽማግሌ እንኳ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሳሎናችን ለምን አረንጓዴ እንደተቀባ ገባኝ። ወንድሟ ለሳምንት ብሎ መጥቶ ለምን ዓመት እንደከረመ ገባኝ። ውሻ እንደምፈራ አገር እያወቀ ለምን ሁለት ውሻ እንዳለን ገባኝ። ሁሉንም የፈቀድኩት እኔው ነኝ።

ሊቀ መንበሩም አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሬዲዮም እንደዚያው ነው?» አሉ።

«ምን አሉኝ?» አለች ታንጉት።

«ሬዲዮ የሚሰማ ሰው። ዜና ሲሰማ ማለቴ ነው።»

«ሬዲዮማ ይብሳል» አለቻቸው።

ሰውየው «ለካ ያ ሁሉ ሶፋ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ከዚያ ብርጭቆአቸውን ዘረጉልኝ፤ ቀዳሁላቸው። ስለ ሙዚየሙ ግን አንድም ቃል ሳይናገሩ አመስግነው ሄዱ። እኔም ወደ ደባርቅ ተመለስኩ፤ ጋኑ ለማግስቱ እንግዳ እንደገና ተሞልቶ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ሙዚየሙ ገባ። ክፍሉን ለማዳበሪያ የፈለገው የወረዳው ሰውዬ ቀድሞ ሄዶ ክቡ ንጹሕ ቦታ ላይ ቆመና «ይኸው፣ ዋናው ዕቃ የለም» አለ። እኔም ከመካነ ብርሃን መንገድ አንዱን ዳገት በሐሳቤ ወጣሁት።

«ጋኑን ትናንት በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ሥራ ላይ ነው።»

«ግን እኮ ጌታዬ፣ ደንቡ...»

«ባለቤቶቹ ዛሬም የእኛ ነው እያሉ የሚጠይቁትን ዕቃ አውጥተን ማዳበሪያ ብናስገባ መልሱን ለእሜት የውብዳር የምትሰጣቸው አንተ ነህ?» ሰውዬው እሜት የውብዳርን ያውቃቸዋል መሰለኝ ከክቡ ቦታ ላይ ገለል አለ። «ክፍሉ ሙዚየም ሆኖ ይቆያል። ይህም ሰው እዚሁ ይቆያል። ጋኑ ታጥቦ ይመለስ» ብለው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ለሾፌራቸው፣ ቶሎ ቤታቸው መግባት እንደሚፈልጉ፣ ከባለቤታቸው ጋር የሚነጋገሩት ነገር እንዳለ ሲነግሩት ሰማሁ።

ማክሰኞ ቤተሰቤን ላመጣ ዳባት ሄድኩ። ታንጉት ጓሮ ተቀምጣ የሰርጉን ብርጭቆ ታጥባለች። ከሩቅ ስታየኝ ተነሳች፤ እጇ በአረፋ እንደተሸፈነ ነው።

«ቀረ» አልኳት። «አልዛወርም።»

መልሳ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግራ ገባኝ። «ቀረ እኮ ነው የምልሽ፤ ምን ያስለቅስሻል?»

«ዝም በል» አለችኝ በክንዷ ፊቷን እየጠረገች። «እኔ ሳልጠይቅህ ያደረግሁት ነገር አለ? አንድ ነገር አለ? እዚያ ሄደህ ቢሆን ማንን ልጠይቅ ነበር?»

እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ እያጠበች፣ እኔ እያደረቅሁ ብርጭቆውን ሁሉ ጨረስነው።